በ(111) ኦክሳይድ መገናኛ ላይ ያገኘሁት የሲሜትሪ መሰበር እውነተኛ ነው ወይስ እኔው ያስገባሁት?

አዌቱ ዳር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ሆኜ የምሠራው በላንታነም አሉሚኔትና በስትሮንቲየም ታይታኔት ሱፐርላቲስ (እየተፈራረቁ በተደረደሩ ስስ ንብርብሮች) ላይ ነው። ለማሳጠር ኤልኤኦ እና ኤስቲኦ እላቸዋለሁ። የእድገቱ አቅጣጫ (111)፣ ማለትም የኩቡ የማዕዘን ሰያፍ፣ ነው። በዝቅተኛ ሙቀት የሚለካ መሣሪያ አጠገቤ የለም፤ ያለኝ ባለ16 ኮር፣ 64 ጊጋባይት ራም ያለው አንድ ኮምፒውተርና ኳንተም ኤስፕሬሶ የተባለው የኤሌክትሮን ማስሊያ ፕሮግራም ነው።

አሠራሬ ይህን ይመስላል። 4 የኤልኤኦና 2 የኤስቲኦ ንብርብር፣ በጠቅላላው 30 አቶም። ሁለቱም መገናኛዎች ኤሌክትሮን ሰጪ ናቸው፤ ስለዚህ በአንድ ሴል 1 ትርፍ ኤሌክትሮን ለሁለት ታይታኒየሞች ይደርሳል። የአግድም ላቲስ ልኬቱን ከኤስቲኦው 3.905 አንግስትሮም ተነስቼ 5.52 ላይ አስሬዋለሁ። ፈንክሽናሉ (የኤሌክትሮኖችን መስተጋብር የሚገምተው ቀመር) ፒቢኢ፣ በታይታኒየም ላይ ያለው ዩ (ኤሌክትሮኖች በአንድ አቶም ላይ ሲገናኙ የሚገፋፉበት ኢነርጂ) 5 ኤሌክትሮንቮልት፣ የኬ-ነጥብ መረቡ (የኤሌክትሮን ሞገዶች የሚሰሉባቸው ነጥቦች) 6×6×2 ከነሺፍቱ (ከመነሻው ተገፍቶ)፣ ስሚሪንጉ (የኤሌክትሮን ሙሌት ድንበሩን የሚያለሰልሰው ስፋት) 0.02 ሪድበርግ።

ሲሜትሪውን ጠብቄ ስጀምር ብረታማ ሁኔታ አገኛለሁ፤ ባንዶቹም (የኤሌክትሮን ኢነርጂ መስመሮቹ) ኬ በተባለው ነጥብ ላይ ዲራክ ነጥብ ሠርተው ይገናኛሉ። ሁለቱን ታይታኒየሞች ቲ1 እና ቲ2 ብዬ ሰይሜ የተለያየ መነሻ ማግኔታይዜሽን ስሰጣቸው ግን አንዱ ኤሌክትሮኑን ጠቅልሎ ይወስዳል፣ ክፍተት ይከፈታል፣ ኢነርጂውም ይወርዳል። ከዚህ ሌላ የኦኩፔሽን ማትሪክሱ (ኤሌክትሮኑ በየኦርቢታሉ ምን ያህል እንዳለ የሚያሳየው ሰንጠረዥ) ላይ ዲ-ኤክስዋይ ከሌሎቹ ሁለት ኦርቢታሎች ጋር እኩል አልሆነም። ይህን ኔማቲክ (ኤሌክትሮኖቹ ራሳቸው አንድ አቅጣጫ የመረጡበት) ልበለው? የትኛውን ልመን፣ የትኛውንስ ሱፐርሴል (ብዙ ሴል የያዘ ትልቅ ሴል) ላስቀድም? መብራት ስለሚቆራረጥ ሁሉንም መሞከር አልችልም።

ስሌተኛው፦

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። ከዘረዘርካቸው ነገሮች ውስጥ ሲሜትሪን ሊሰብሩ ወይም ሊደብቁ የሚችሉት ከአንድ በላይ ናቸው፤ በየተራ እንያቸው።

በስሙ ልጀምር። ቲ1 እና ቲ2 ብለህ ስትለያቸው ለፕሮግራሙ ሁለት የተለያዩ ንጥረ ነገሮች ሆኑ። ገና ስሌቱ ሳይጀምር ሲሜትሪው ተሰብሯል ማለት ነው። ለሁለቱም አንድ ስም ከሰጠሃቸው ደግሞ በተቃራኒው ትወድቃለህ፤ ፕሮግራሙ የቻርጅ ጥግግቱንም ፎርሶቹንም በየዙሩ ሲሜትሪያዊ ስለሚያደርጋቸው እውነተኛ መሰበር ቢኖር እንኳ አይታይህም። መሃከለኛው መንገድ እንዲህ ነው፦ የተለያየ ስም ስጣቸው፣ ኖሲምን (ሲሜትሪ አትጠቀም የሚለውን ትእዛዝ) ትሩ አድርግ፣ መነሻ ማግኔታይዜሽናቸው ግን ፍጹም እኩል ይሁን፣ አቶሞቹንም በዘፈቀደ በ0.02 አንግስትሮም ገደማ ነቅንቃቸው። ከዚያ ተነስቶ ራሱ ወደ መሰበር ከወረደ መሰበሩን ራሱ ሥርዓቱ ይፈልገዋል ማለት ነው። ወደ እኩልነት ከተመለሰም ገና መደምደሚያ አይደለም፤ የተሰበረው ሁኔታ በኢነርጂ ኮረብታ ተከልሎ ሊሆን ይችላል። ያኔ ነው የስታርቲንግ-ኤንኤስ-አይገንቫሊዩ ትእዛዝ የሚያስፈልገው፤ አንዱን ታይታኒየም በ1 ኤሌክትሮን፣ ሌላውን በ0 አስጀምረህ ትለቀዋለህ። መጨረሻ ላይ ጠቅላላ ማግኔታይዜሽኑን እይ፤ በሴል በትክክል 1 ቦር ማግኔቶን ካልሆነ ኤሌክትሮኑ ሙሉ በሙሉ አልተሰለፈም፣ ክፍተቱንም ተጠራጠር።

ቀጥሎ የኬ-ነጥብ መረቡ። ለባለስድስት ጎን ሴል ሺፍት ያለው መረብ አትጠቀም። የተገፋው መረብ ራሱ የሦስት እጥፍ ዙሩን (በ120 ዲግሪ ሲዞር ራሱን መምሰሉን) አይጠብቅም፤ ኖሲም በርቶ ሳለ ይህ ስህተት በቀጥታ ኔማቲክ መስሎ ይወጣል። መረቡ ጋማ በተባለው መሃል ነጥብ ላይ የተመሠረተ ይሁን። የዲራክ ነጥቡ ኬ ላይ ስለሆነ ሌላም ጥንቃቄ አለ፦ የ3 ብዜት የሆነ መረብ፣ ማለትም 9×9 ወይም 12×12፣ ኬን በትክክል ይነካል፤ 8×8 አይነካውም። ክፍተት የሚከፈትበት ቦታ እሱው ስለሆነ በሁለቱም ዓይነት መረብ ሠርተህ የኢነርጂ ልዩነቱ ካልተስማማ መረብህ ገና ሳሳ ነው። 6×6 ለዚህ ሥራ አይበቃም።

ስሚሪንጉ ከሁሉም የከፋው ነው። 0.02 ሪድበርግ 270 ሚሊኤሌክትሮንቮልት ገደማ ነው። ለመጠን ንጽጽር፣ በ(001) መገናኛ ላይ በኤክስሬይ የተለካው በዲ-ኤክስዋይና በሌሎቹ ኦርቢታሎች መካከል ያለው ልዩነት 50 ሚሊኤሌክትሮንቮልት ገደማ ነው። አንተ የምትፈልገውን ልዩነት በአምስት እጥፍ በሚበልጥ ስሚሪንግ እየሸፈንከው ነው። ወደ 0.002 አውርደው፤ ሲወርድ መረቡ መጥበቅ አለበት፣ ሁለቱ አብረው ነው የሚሄዱት።

ፒቢኢን በተመለከተ፦ ፒቢኢ የኤስቲኦን ላቲስ 3.94 አንግስትሮም ገደማ ያደርገዋል። አንተ በ3.905 ስታስረው በፈንክሽናሉ ዓይን ኤስቲኦው በ1 በመቶ ገደማ ተጨምቋል። በ(111) ላይ ደግሞ ኤ1ጂ እና ኢጂ-ፕራይም የተባሉት የታይታኒየሙ ዲ-ኦርቢታል ደረጃዎች የትኛው በታች እንደሚሆን የሚወስነው ይህ የአግድም መጨመቅና መወጠር ነው። ተመራማሪዎቹ ዶኒግ፣ ፒኬትና ፔንትቼቫ በ2013 በዚሁ ዓይነት ሱፐርላቲስ ላይ ያሳዩትም ይህንኑ ነው፤ ዩ፣ የኤስቲኦው ውፍረትና ስትሬይኑ (መጨመቁ ወይም መወጠሩ) ተደማምረው የቁሱን ሁኔታ ይመርጣሉ። ሁለት ንብርብር ያለውና የተወጠረው ሴል ኢንቨርዥን (በማዕከል የመገልበጥ ሲሜትሪ) ሲሰበርበት ከፌሮማግኔቲክ ዲራክ ሁኔታ ወደ ቻርጅ የተደረደረበት ኢንሱሌተር ይገባል። ስለዚህ ያገኘኸው ነገር ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ ግን ትክክለኛ ስትሬይን ላይ መቆምህን አረጋግጥ። ፒቢኢሶል 3.90 ገደማ ስለሚሰጥ ከእውነተኛው ልኬት ጋር ሳትጣላ ትሠራለህ።

አሁን ወደ ኔማቲኩ። የኳንተም ኤስፕሬሶ ኦኩፔሽን ማትሪክስ የሚጻፈው በሴልህ ካርቴዥያን አቅጣጫ ነው። ዜድ አንተ ጋ [111] ነው፣ የኦክታሄድረኑ ዘንግ አይደለም። ስለዚህ «ዲ-ኤክስዋይ» ብለህ ያነበብከው የኩቢኩ ዲ-ኤክስዋይ አይደለም። በዚህ አቅጣጫ ኤ1ጂ ማለት የመጀመሪያው፣ ዲ-ዜድ ካሬ የሚባለው ኦርቢታል ነው። ፈጣን ፈተና ልስጥህ፦ የሦስት እጥፍ ዙሩ ካልተሰበረ በዳያጎናሉ ላይ 2ኛውና 3ኛው ቁጥር እኩል፣ 4ኛውና 5ኛው እኩል መሆን አለባቸው። እነዚህ ጥንዶች እኩል ከሆኑ፣ ከዳያጎናሉ ውጭ የሚያገናኟቸው ቁጥሮችም ዜሮ ከሆኑ፣ ኔማቲክ የለህም፤ ያየኸው ተራው የትራይጎናል ክፍፍል ነው። ካልተስማሙ ማትሪክሱን ወደ ኩቢኩ ዘንግ አዙረህ ሁለት ቁጥር አስላ፦ የዲ-ኤክስዋይ ሁለት እጥፍ ሲቀነስ የሌሎቹ ሁለቱ ድምር፣ እና የሌሎቹ ሁለቱ ልዩነት በስር3 ሲባዛ። ኦርደር ፓራሜትርህ (የመሰበሩ መለኪያ) ይህ ጥንድ ነው፤ አንዱን ብቻ ማሳየት አይበቃም፣ ምክንያቱም ሦስቱ እኩል ምርጫዎች በዚህ ጠለል ላይ በ120 ዲግሪ ተራርቀው ይቀመጣሉ።

አዌቱ ዳር፦

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። የዳያጎናሉን ፈተና አሁኑኑ አየሁት። ቲ1 ላይ ጥንዶቹ እስከ ሦስተኛው አኃዝ እኩል ናቸው፣ የሚያገናኟቸውም ዜሮ ናቸው፣ ስለዚህ ኔማቲኩ ወደቀ። የቻርጅ መለያየቱ ግን አለ። ሁለት ነገር ልጠይቅ። ኤሌክትሮኑ ነው ላቲሱን የሚጎትተው ወይስ ላቲሱ ኤሌክትሮኑን? ዩን ከየት ላምጣው? 5 የወሰድኩት ከጽሑፎች ነው።

ስሌተኛው፦

የመጀመሪያውን ለመለየት አራት ስሌት ይበቃል፤ ሁሉም በአንድ ሴል፣ በአንድ መረብ፣ በአንድ ዩ። አንደኛው ሁሉም ነገር ሲሜትሪያዊ የሆነበት መነሻ ነው። ሁለተኛው አቶሞቹ ሲሜትሪያዊ ቦታቸው ላይ ታስረው ኤሌክትሮኑ ብቻ ነፃ የሆነበት። ሦስተኛው ዩን 0 አድርገህ ከተነቀነቀ ቦታ አቶሞቹን ሪላክስ የምታደርግበት (ወደ ዝቅተኛ ኢነርጂ እንዲሰፍሩ የምትለቅበት)። አራተኛው ሁሉም ነፃ። ሁለተኛው ብቻውን ከሰበረ ነገሩን የሚመራው ኤሌክትሮን ነው፣ ላቲሱ ይከተላል። ሦስተኛው ከሰበረ ላቲሱ ራሱ ይፈልገዋል። ሁለተኛውም ሦስተኛውም ሳይሰብሩ አራተኛው ከሰበረ ሁለቱ ተጋግዘው ነው፤ ይህ በኦክሳይድ ላይ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፣ «ንጹሕ ኤሌክትሮናዊ» ብሎ መጻፍም አይቻልም።

ሦስተኛውን ስትሠራ የኦክታሄድረን መዞርን አትርሳ። ኤስቲኦ ከ105 ኬልቪን በታች በአንድ የኩቢክ ዘንግ ዙሪያ ተፈራራቂ መዞር ይዞ ቴትራጎናል ይሆናል። ይህ መዞር ሞገዱ በ[111] ላይ ስለሚያርፍ በአግድም 1×1 ሴል ውስጥ ይገባል፤ የንብርብር ቁጥሩ ተጋማሽ፣ ማለትም በ2 የሚካፈል ከሆነ ማለት ነው። ያንተ 6 ንብርብር በ2ም በ3ም ስለሚካፈል መዞሩንም የ(111) መደራረቡንም ያስተናግዳል፤ ሲጨምር ቀጣዩ 12 ነው። የአንድ ዘንግ መዞር የሦስት እጥፉን ዙር ይሰብራል፣ ኔማቲክ ይመስላልም፤ ኤሌክትሮኑ ግን ምንም አላደረገም። በሦስቱም ዘንጎች እኩል የሚዞረው የኤልኤኦ ዓይነት ግን ሦስት እጥፉን ይጠብቃል። እሱ ኢንቨርዥንን ያጠፋል፣ ሁለቱን ታይታኒየሞች የሚያመሳስላቸው አግድም የሁለት እጥፍ ዘንግ ግን ይቀራል። ስለዚህ መዞሩ ብቻውን ቲ1ን ከቲ2 አይለይም። የአንተ የቻርጅ መለያየት ይህንን የሁለት እጥፍ ዘንግ መስበር ነበረበት፤ ስትጽፍ በዚህ ስሙ ጥራው። የመጨረሻውን ቅርጽ ስፒጂሊብ በተባለው የሲሜትሪ መፈለጊያ በ0.1፣ በ0.01 እና በ0.001 አንግስትሮም መቻቻል አስፈትሸው፤ ሲሜትሪው በየትኛው ላይ እንደሚወድቅ የመሰበሩን መጠን ይነግርሃል።

ዩን ከጽሑፍ ከመበደር ከፕሮግራሙ ጋር በሚመጣው የኤችፒ ኮድ በሊኒየር ሪስፖንስ (ሥርዓቱ ለትንሽ ግፊት ከሚሰጠው ምላሽ) አስላው። ከሲሜትሪያዊው ቅርጽ የሚወጣው ዩ ከተሰበረው ቅርጽ ከሚወጣው ትንሽ ሊለይ ይችላል፤ ሁለት የተለያየ ዩ ያላቸውን ጠቅላላ ኢነርጂዎች ግን አታነጻጽር፣ ልዩነቱ ትርጉም የለውም። አንዱን ምረጥና ለሁለቱም ተጠቀምበት። ከዚያ 0፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5 እያልክ ቃኝ፤ መሰበሩ ከየትኛው ዩ ጀምሮ እንደሚመጣ የሚያሳየው ሥዕል ከአንድ ቁጥር የተሻለ ማስረጃ ነው። ዩ ሲተልቅ ኤሌክትሮን ከሚገባው በላይ እንደሚታሰር ከ2006 ጀምሮ የታወቀ ነው፤ በ(001) መገናኛ ላይ ትልቅ ዩ በሰያፍ የተፈራረቀ የቻርጅ ድርድር ይሰጣል፣ የሚለካው ናሙና ግን ብረታማ ነው። የላንታነሙ ፕሱዶ (ውስጠኛ ኤሌክትሮኖቹን የሚተካው ፋይል) 4ኤፍ ኦርቢታል ካለው 8 ኤሌክትሮንቮልት ገደማ ዩ ስጠው፤ ባዶዎቹ ኤፍ ባንዶች ወርደው ከታይታኒየሙ ጋር እንዳይቀላቀሉ።

ስለ ሱፐርሴሉ፦ 1×1 የሚፈቅደው ከሴል ሴል የማይለዋወጥ ድርድር ብቻ ነው፣ ያንተን መለያየት ያስችላል። መስመራዊ ድርድር ከፈለግህ 2×1 ውሰድ፤ 60 አቶም ነው፣ 6×12 መረብም ከ1×1ው 12×12 ጋር በትክክል አንድ ነው። 2×2 በ6×6 እንዲሁ። ስር3×ስር3 ግን ኬን ወደ ጋማ ያጥፈዋል፣ ከ1×1 ጋር በትክክል የሚገጥም መረብም የለውም፤ ስለዚህ ሲሜትሪያዊውን ሁኔታ እዚያው ሴል ውስጥ ደግመህ ሥራ። 90 አቶም ስለሆነ ኬ-ነጥቦቹ ቢቀንሱም ከ1×1 ዘጠኝ እጥፍ ገደማ ጊዜ ይወስዳል። እኔ ብሆን 2×1ን አስቀድማለሁ።

ስስ ሽፋን፦

ከመለኪያው ወገን ልጨምር፣ ስሌቱን ከናሙና ጋር ስታገናኘው እንዳትሳሳት።

መጀመሪያ የኤሌክትሮኑ ብዛት። የ(111) ሴል ስፋት 26.4 አንግስትሮም ካሬ ነው። 1 ኤሌክትሮን በሴል ማለት 3.8×10¹⁴ በካሬ ሴንቲሜትር ነው። በናሙና ላይ በሆል (በማግኔቲክ ፊልድ የኤሌክትሮን ብዛት በሚታወቅበት ዘዴ) የሚለካው ብዙውን ጊዜ በ10¹³ ደረጃ ነው። በግማሽ ኤሌክትሮን ላይ የቆመ ድርድር በአሥር እጥፍ በሳሳ ጋዝ ላይ እንዳለ ይደገማል ብለህ አትጻፍ። ቀጭኑን ሱፐርላቲስ ራሱን የቻለ ሥርዓት አድርገህ አቅርበው። ነጠላ መገናኛ ከሆነ ደግሞ በ(111) ላይ ኤልኤኦው 9 ንብርብር ገደማ ካልደረሰ ኮንዳክት አያደርግም፤ በ(001) 4 ነው።

ሁለተኛ፣ የሰዎችን ዳታ ስታነብ ስድስት እጥፍና ሁለት እጥፍን ለይ። ማግኔቲክ ፊልዱን በጠለሉ ላይ ሲያዞሩት ሬዚስታንሱ በስድስት እጥፍ ከተለዋወጠ ክሪስታሉ ራሱ የሚፈቅደው ነው፣ ምንም አልተሰበረም። ያለ ፊልድ ግን የሦስት እጥፍ ዙር ያለው ጠለል በሁሉም አቅጣጫ አንድ ዓይነት ሬዚስቲቪቲ ሊኖረው ግድ ነው። ስለዚህ ያለ ፊልድ የሚታይ የሁለት እጥፍ ልዩነት፣ አንድ ነገር ሲሜትሪውን ሰብሯል ማለት ነው። ማን ሰበረው የሚለው ነው ሥራው።

ተጠርጣሪዎቹ ሦስት ናቸው። የገጹ ደረጃዎች፦ ክሪስታሉ ሲቆረጥ በ0.1 ዲግሪ ቢዛነፍ በየ130 ናኖሜትሩ 0.225 ናኖሜትር ከፍታ ያለው ደረጃ ይፈጠራል፣ ደረጃዎቹም ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ይሄዳሉ። በአቶሚክ ፎርስ ማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ልዩነቱም በክፍል ሙቀት ሳይቀር አለ። ዶሜይን፦ ከ105 ኬልቪን በታች ኤስቲኦው በሦስት አቅጣጫ ይከፋፈላል፤ ከረንቱ በዶሜይኖቹ መስመር ላይ እንደሚያይል በ2013 ስካኒንግ ስኩዊድ በተባለ የማግኔቲክ ፊልድ መለኪያ ታይቷል። ናሙናውን ከ105 ኬልቪን በላይ አሙቆ ደግሞ ማቀዝቀዝ የዶሜይኑን አቀማመጥ ስለሚለውጥ ልዩነቱም ይለዋወጣል። ሦስተኛው ኤሌክትሮኑ ራሱ ነው፤ ከዚያ በታች ባለ ሙቀት ይመጣል፣ በጌት ቮልቴጅም ይጠናከራል ወይም ይጠፋል። አንድ ጽሑፍ እነዚህን ሦስቱን ካልለየ ለስሌትህ ምስክር አታድርገው።

አለካኩንም ተመልከት። ልዩነቱ በቫን ደር ፓው ካሬ (ማዕዘኖቹ ላይ ኤሌክትሮድ ባለው ናሙና) ከተለካ ቁጥሩን እንዳለ አትውሰድ፤ ያ አለካክ ትንሽ ልዩነትን በብዙ ያጋንናል። አስተማማኙ በአንድ ቺፕ ላይ ቢያንስ በሦስት የተለያየ አንግል የተቀረጹ የሆል ባሮች (ቀጭን የመለኪያ መስመሮች) ናቸው። የማይታወቁት ሦስት ናቸውና፦ አማካዩ፣ የልዩነቱ መጠንና የዘንጉ አቅጣጫ። ሁለት ባር ብቻ ከሆነና ዘንጉ በሁለቱ መካከል በ45 ዲግሪ ላይ ካረፈ ልዩነቱ ጭራሽ አይታይም።

የዶሜይኑ ጣጣ የሌለበት ሥርዓት ከፈለግህ ፖታሲየም ታንታሌት አለ። እስከ ዝቅተኛው ሙቀት ኩቢክ ሆኖ ይቆያል። በ2021 በ(111) መገናኛው ላይ በ2 ኬልቪን ገደማ ሱፐርኮንዳክቲቪቲ ታይቷል፣ በአንዳንዶቹ ናሙናዎች ላይም ከዚያ ቀድሞ የሚመጣ የአቅጣጫ ልዩነት። ነገር ግን የታንታለም ስፒን-ኦርቢት (ስፒንን ከምህዋር እንቅስቃሴ ጋር የሚያስተሳስረው) 0.4 ኤሌክትሮንቮልት ገደማ ስለሆነ ኖንኮሊኒየር ስሌት (ስፒኖቹ በየትኛውም አቅጣጫ የሚዞሩበት) ግድ ይላል፤ ለ16 ኮር ይከብዳል።

ኪቶ ማዶ፦

እኔም ጅማ ነኝ፤ ስለ መብራቱ ብቻ ልበል፣ በክረምት ከፊዚክሱ እኩል የሚያስቸግረው እሱ ስለሆነ።

ሪስታርት የሚሠራው ስሌቱ በሥርዓት ከቆመ ብቻ ነው። መብራት ድንገት ከጠፋ የተጀመረው ዙር ይበላሻል። ስለዚህ ማክስ-ሰከንድስን 10000 ገደማ አድርግ፣ ስሌቱ በየሦስት ሰዓቱ ግድም ራሱ በሥርዓት ይቆማል። ሲቆም ማውጫውን በሙሉ ወደ ሌላ ዲስክ የሚገለብጥና ቀጣዩን የሚያስጀምር አጭር ስክሪፕት ጻፍ። ዩፒኤስ (መጠባበቂያ ባትሪ) ካለህ መብራት ሲሄድ በሥራው ማውጫ ውስጥ በፕሪፊክሱ ስም ባዶ የኤግዚት ፋይል እንዲፈጥር እዘዘው፤ ፕሮግራሙ ፋይሉን ሲያይ ጽፎ ይቆማል። አንዱ ዙር እስኪያልቅ ድረስ የሚያቆይ ባትሪ ያስፈልጋል፤ ለ60 አቶም ጥቂት ደቂቃ ሊሆን ይችላልና ቀድመህ ለካው።

ለአንተ ሥራ ዋናው ግን ይህ ነው። ከተበላሸ ዙር በኋላ እንደ አዲስ ከጀመርክ የተሰበረው ሁኔታ ጠፍቶ ስሌቱ ወደ ሌላ ጉድጓድ ሊወርድ ይችላል። ስታርቲንግፖትን ፋይል አድርገህ ከተቀመጠው ጥግግት አስነሳው፤ የኦኩፔሽን ማትሪክሱም ከዚያው ይነበባል። በዚህ ጊዜ የስታርቲንግ-ኤንኤስ መስመሩን ከግብአቱ አውጣው፤ ከቀረ በተቀመጠው ላይ ይደርብበታል። ያው ጥግግት የኬ-ነጥብ መረቡ ቢቀየርም ስለሚያገለግል፣ በ6×6 የያዝከውን ሁኔታ ይዘህ ወደ 12×12 ማሳደግ ትችላለህ። ከእያንዳንዱ መነሳት በኋላ የመጀመሪያውን ዙር ማትሪክስ ካለፈው የመጨረሻ ጋር አስተያየው፤ ካልገጠመ ወዲያው አቁመው።

አዌቱ ዳር፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በፒቢኢሶል፣ በ0.002 ሪድበርግና በ12×12×2 አራቱን ስሌቶች አስነስቻለሁ። መምህር፣ አንድ ነገር ቀረኝ፦ ሁለተኛው፣ አቶሞቹ የታሰሩበት፣ በዩ 3 ካልሰበረና በ4 ከሰበረ፣ ኤችፒ የሚሰጠኝ ዩ ደግሞ በመሃላቸው ቢወድቅ ምን ልበል?

ስሌተኛው፦

እንደዚያ ከሆነ ሥርዓቱ ድንበር ላይ ነው ማለት ነው፣ ያንኑ ጻፍ። በተጨማሪም ያው ነጥብ ላይ የአግድም ልኬቱን በ1 በመቶ ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሰህ ድንበሩ ወዴት እንደሚሄድ አሳይ። ዲኤፍቲ፣ ይህ የምትሠራበት የስሌት ዘዴ፣ አቶሞቹን ቆመው ነው የሚያያቸው፤ ኤስቲኦ ደግሞ በዜሮ ነጥብ ንቅናቄ (አቶሞች በዜሮ ሙቀትም በማይተዉት እንቅስቃሴ) ምክንያት ፌሮኤሌክትሪክ ከመሆን የሚታቀብ ቁስ ነው። ሁለቱ ታይታኒየሞች ሲለያዩ ኦክስጅኖቹም አብረው ስለሚገፉ፣ በጥቂት ሚሊኤሌክትሮንቮልት ብቻ ያሸነፈ የተሰበረ ሁኔታ በእውነተኛው ቁስ ላይ ላይቆም ይችላል። በአንድ ሴል ከአሥር በታች ሚሊኤሌክትሮንቮልት ካገኘህ «ይሰበራል» አትበል፣ ኢነርጂውን ከነስትሬይኑ አስቀምጠው።

2×1ው ሲጨርስ የዳያጎናሉን አምስት ቁጥሮች ለአራቱም ታይታኒየሞች እዚህ ለጥፍልን፤ አብረን እናየዋለን።